በመቋሚያ የተለካ ጣራ

ወለተሩፋኤል ዕንባቆም አዘዞ አስፋልት ዳር ያለቻት ሱቅ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ ምነው አላገባሽም ሲሏት "ወረፋ እየጠበቅሁ ነው" ብላ ታልፋቸዋለች። ስለ እርሷ ይህን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሽዋን አያውቃትም። ሌላው ግማሽ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰው ወረቀት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቤት ፕላን ሊያሳትሙ ሲመጡ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እስኪወጣ አጎንብሳ ታየው ነበር። መስመሩ ቀጭን፣ ቁጥሩ ጥርት ያለ፣ ከላይ የታየ ቤት ከጎን ሲታይ ደግሞ ያው ቤት ሆኖ ቁጭ። ይህን ያየች ቀን ልቧ ተሰረቀ። ሰው በሠላሳ አራት ዓመቱ በቤት ፕላን ፍቅር ይያዛል ወይ ብትሉ፣ እሷ ተይዛለች።

አንዱ ተማሪ ኦቶካድ የሚባል የፕላን መሳያ ፕሮግራም ነው ብሎ ከፍላሽ ጫነላት። ከፍላሹ ጋር የገባው ቫይረስ የደንበኞቿን ፋይል ሁሉ አጥፍቶ ሳምንት ሙሉ ሲያሰድባት ሰነበተ። ፍላሹን መለሰች፣ ላፕቶፑን አስጸዳች፣ ሌላ ፈለገች። ሁለተኛው በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ነበርና ኔት በጠፋ ሰሞን ሥዕሎቿ እዚያው ተቆልፈው ከረሙ። ሦስተኛው ሠላሳ ቀን አስሞክሮ በሠላሳ አንደኛው እንደ ሠርግ ድንኳን ተነቀለ። እልህ ያዛት።

ከደንበኞቿ መካከል ልዑልቃል የሚባል ዝምተኛ የአርክቴክቸር ተማሪ ነበር። "ፍሪካድ የሚባል አለ" አላት። "ነጻ ነው፤ ኔትም አይፈልግም። ግን አስቸጋሪ ነው፣ ብዙ ሰው ይሸሸዋል።"

"ምኑ ነው አስቸጋሪ?"

"መስመር ስትስዪ መስመር ብቻ አይበቃውም። ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደሚያያዝ፣ ከየትኛው ጋር እኩል እንደሚሄድ ትነግሪዋለሽ። ሁሉን ከነገርሽው መስመሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ። የነገርሽው ነገር እርስ በርሱ ከተጋጨ ደግሞ በቀይ ይጮህብሻል።"

የመሪጌታ ልጅ ናትና ይህ አልከበዳትም። አባቷ መሪጌታ ዕንባቆም ጎንደር ከተማ አቋቋም ያስተምራሉ፤ አንድ ተማሪ አንዲት ንቅናቄ ሲስት ከመጀመሪያው የሚያስደግሙ ናቸው። እሷም ከተማሪዎቹ ጋር አድጋ የኔታ ነው የምትላቸው። በስምንት ወር ውስጥ የሱቋን መደርደሪያ ሳለች፣ በርጩማ ሳለች፣ ለልምምድ ብላ የአባቷን መቋሚያ ከነእጀታው ለክታ ሳለች።

"አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት ነው፣ የኔታ" አለቻቸው፣ ስክሪኑ ላይ እያዞረች።

"እኔ አልለካኋትም" አሉ መሪጌታ። "ከአያቴ ወረስኋት፤ ቁመቴ ሆነች። ይትባረክ፣ ከማኪና ውስጥ አቆምሻት።" ከዚያ ወዲያ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ልጃቸው ቤት ትስላለች እያሉ ማውራት ጀመሩ። ይህ ነው ጣጣውን ያመጣው።

ወንበርጌ ሩፋኤል ከትክል ድንጋይ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመሪጌታ ትውልድ ከዚያ ነው፤ የልጃቸውም ስም ከዚያው። በየዓመቱ ጳጉሜን ሦስት ማኅሌቱን የሚመሩት እርሳቸው ናቸው፤ ለዚያች ቀን ሌላ ደብር ቢለምናቸው አይሰሙም። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ግን ዝጎ፣ ወጋግራው በስብሶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ የግድግዳውን ሥዕል ያጥበው ጀመር። ሰበካ ጉባኤው ከደብሩ ደን ሃያ አራት ጥድ በሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ቁጥር አስቆረጠ። ደኑ ስለሳሳ ሃያ አምስተኛ ዛፍ እንዳይነካ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ወረዳው ፕላን ያለው ሥራ ካልሆነ አልፈቅድም ሲል ጉባኤው ማን ይሳለው ብሎ ተጨነቀ። ያኔ መሪጌታ ድምፃቸውን አሰሙ፦ "ልጄ ትስለዋለች።"

ወለተሩፋኤል እዚያው ነበረች። ማንም አልጠየቃትም።

አያ ውዱ የሚባሉ የሰበካ ጉባኤ አባል ተነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ሲጠራጠሩ ጮክ ብለው ነው። "የኔታ፣ አይቆጡኝና፣ መቅደሱን የማትገባ ሴት ልጅ የመቅደሱን ጣራ በምን ዓይኗ አይታ ነው የምትስለው? ይህ ጥድ ነው። ከተቆረጠ ወዲያ አይበቅልም።"

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። "ስማ ውዱ፣ ጉባኤውም ይስማ። በልጄ ጥፋት ይህ ጣራ ስንዝር ቢዛነፍ የዘንድሮን ጳጉሜን ማኅሌት አልቆምም።"

ጉባኤው አጉረመረመ። ሃምሳ ዓመት የቆሙበትን ማኅሌት ነው ለአንድ ላፕቶፕ ያስያዙት። ወለተሩፋኤልን ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ያስተማሯት ራሳቸው ነበሩ፤ አሁን እሷን ሳትማር አስጠመጠሟት። ደስ ያላት ነገር ደግሞ አልቀረም፤ ይህን ለራሷም ማመን አልወደደችም። አባቷ በሰው ፊት ኮርተውባት አያውቁም ነበር።

ልኬቱ በመጋቢት ተያዘ። ውጩን በገዛችው ሜትር ራሷ ለካች። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ቢሆንም የመቅደሱ ግድግዳ አራት ማዕዘን ነው፤ በውጭ በኩል ከዳር እስከ ዳር ስምንት ሜትር ከዘጠና አምስት ሆነ። አናጢው አያ ይበልጣል ከጎኗ ነበር፤ ስድሳ ያለፈው፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ነገር ግን በአካባቢው ያለ ቤት ሁሉ መጋዙን የሚያውቀው ሰው ነው። "የግድግዳውን ውፍረት ጻፊ" አላት። "የመቅደሱን መቃን የጠረብሁ እኔ ነኝ። ስፋቱ የግድግዳው ልክ ነው፤ ዘጠና ሳንቲም።" ጻፈች።

የቀረው ውስጡ ነው። አዲሱን ጣራ መሃል ላይ የሚሸከሙት አራት ዓምዶች መቅደሱ ውስጥ ናቸው፤ ወጋግራው ከውጭ ተነሥቶ እነሱ ላይ ያርፋልና ርዝመቱ የሚታወቀው ዓምዶቹ በምን ያህል እንደተራራቁ ሲታወቅ ነው። መግባት የሚችሉት የደብሩ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ መሪጌታ ቅስና የላቸውም። ሜትሯን ስታቀብላቸው ጥቅልሉ ገብቶ አልወጣ አለ። ብትስበው፣ ብታራግፈው፣ እምቢ። አያ ይበልጣል የራሱን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

"ይህ አይሆንም፣ አባ" አለ። "ባለፈው ሳምንት የሬሳ ሳጥን ለክቼበታለሁ።"

ቄስ ገብረ ኢየሱስ አመኑበት። "የሬሳ ሳጥን የለካ መቅደስ አይገባም።" ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ መሪጌታ መቋሚያቸውን ዘረጉ። "በዚህ ይለኩት፣ አባ። ልጄ ቁመቷን ታውቃለች።"

ቄሱ መቋሚያውን ይዘው ከመጋረጃው ወዲያ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው መጣ፦ "ከዓምድ እስከ ዓምድ ሦስት መቋሚያ፣ ልክ። ከዓምዱ እስከ ግድግዳው በዚህም በዚያም አንድ አንድ መቋሚያ።" ወለተሩፋኤል ጻፈች። ሦስት ጊዜ አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት፣ አራት ከስድሳ አምስት። እንዲህ ያለ የቀለለ ሒሳብ አልገጠማትም።

አዘዞ ተመልሳ ቁጥሮቹን ስታስገባ ፍሪካዱ በቀይ ጮኸባት። የውጩ ግድግዳ፣ ውፍረቱ፣ ዓምዶቹ፣ አብረው አይሄዱም አለ። ቁጥሮቹን ደግማ አስገባች። ያው ነው። ሁለት ቀን ከእሱ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። ከሦስቱ አንዱ መቅረት አለበት። ማንን ታስቀር? የውጩን በእጇ ለክታዋለች። የውስጡን ቄስ ለክተውታል፣ በአባቷ መቋሚያ። የቀረው የአያ ይበልጣል ዘጠና ነው። እሱም ከሦስት ዓመት በፊት የሠራውን መቃን ከጭንቅላቱ ነው የተናገረው፤ ሽማግሌ ነው፤ ረስቶት ይሆናል። ዘጠናውን ሰረዘችው። መስመሮቹ ወዲያው አረንጓዴ ሆኑ። ማንም ጀማሪ የሚያደርገው ነው፤ ሲጮህ ዝም ያሰኘውን ነገር መልስ ነው ብሎ ማመን። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ሱቋን ዘግታ ወጣች።

የወረዳው ባለሙያ የእንጨቱን ውፍረትና የጣራውን ክብደት መርምሮ ደህና ነው አለ፤ "ልኬቱ ግን በእናንተ ኃላፊነት ነው" ብሎ ጻፈበት። ለአያ ይበልጣል የሚሆነውን ቅጂ አትማ ላከች። እሱ የሚፈልገው ወጋግራውን ነውና የግድግዳው ውፍረት እዚያ ላይ አልተጻፈም። ባለሙያው ለፋይል የሚቀመጠው ቅጂ ላይ ግን የግድግዳው ውፍረት ይጻፍ አለ። ያን ሥራ ዛሬ ነገ ስትል ግንቦት ገባ።

ጥዱ በወጋግራ ልክ የሚቆረጥበት ሰኞ ደረሰ። በዚያው ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወለተሩፋኤል የፋይሉን ቅጂ ለማተም ተቀመጠች። ግድግዳውን ጠቅ አድርጋ ልኬቱ እንዲወጣ አዘዘች። ወረቀቱ ወጣ። ውፍረቱ ላይ 0.60 ይላል።

ስድሳ።

ወረቀቱን ይዛ ቆመች። አንድ ደንበኛ መታወቂያ ዘርግቶ "እቱ፣ ሁለት ኮፒ" ሲላት አልሰማችውም። ሽማግሌ ዘጠና አምስትን ዘጠና ይለው ይሆናል፤ ሰማንያንም ዘጠና ይለው ይሆናል። ስድሳን ዘጠና የሚል አናጢ ግን የለም። ቁጭ ብላ በእስክርቢቶ ደመረች። ግድግዳው በእውነት ዘጠና ከሆነ፣ አምስቱ መቋሚያ ሰባት ሜትር ከአሥራ አምስት ነው፤ አንዱ መቋሚያ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ነው። የአባቷ መቋሚያ ግን አንድ ከሃምሳ አምስት ነው፤ በእጇ ለክታዋለች። እንግዲያው ወይ አያ ይበልጣል ተሳስቷል፣ ወይ መቅደሱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። የአያ ይበልጣል እውነት ከሆነ ዓምዶቹ እሷ ከሳለችው ይልቅ የተቀራረቡ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣው ወጋግራ ሳይደርስባቸው በስንዝር ያጥራል። ረዥም እንጨት ይቆረጣል፤ አጭር እንጨት አይረዝምም። ሃያ አራት ጥድ፣ ዛሬ።

ስልክ ደወለች። ኮረብታው ላይ ኔትወርክ የለም። አባቷም ከትናንት ጀምሮ እዚያ ናቸው፤ ልጃቸው የሳለችው እንጨት ሲቆረጥ ሊያዩ ሄደዋል። ሱቁን ዘጋች። በባጃጅ ጎንደር ገባች፤ የትክል ድንጋይ መኪና ከሚነሣበት ቦታ ፊት ለፊት ካለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አዲስ ሜትር ከነፕላስቲኩ ገዛች። ሚኒባሱ ካልሞላ አይሄድም። ሁለት ሰው ጎደለ፤ አንድ ሰው ጎደለ፤ የገባው አንዱ ወረደ። ረዳቱን "የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ተነሡ" አለችው። ኬላ ላይ ሁሉም ወርዶ ተፈተሸ። የላፕቶፕ ቦርሳዋን ከፍተው አዩና "ምንድን ነው የምትሠሪበት?" አሏት። "ጣራ" አለች። ወታደሩ ጓደኛውን ተመለከተና አሳለፋት።

ከትክል ድንጋይ በኋላ እግር ነው። ሁለት ሰዓቱን መንገድ በሰዓት ተኩል ወጣችው። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ቦርሳው ወገቧን እየመታ፣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ ነው፣ ሰው ይዘገያል፣ ምናልባት ገና አልጀመሩም። ኮረብታው ሥር ስትደርስ የመጋዝ ድምፅ ሰማች።

ቅጥር ግቢው ሰው ሞልቶታል። አንድ ጥድ ተቆርጦ ወደ ጎን ተጋድሟል። ሁለተኛው በሁለት ድጋፍ ላይ ተኝቷል፤ አያ ይበልጣል መጋዙን ጥርሱ እስኪያዝ ድረስ አስገብቶታል።

"አያ ይበልጣል፣ አቁም" አለች። ትንፋሽ ስላልነበራት በለሆሳስ ነው የወጣው። እሱ ግን ሰማ። መጋዙን አቆመ።

ነገሩን እዚያው፣ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረች፦ ዓምዶቹ በሳለችው መጠን የተራራቁ አይመስላትም፤ ካልሆኑ ወጋግራው ያጥራል። አያ ውዱ "አላልኩም ነበር" አላሉም፤ ፊታቸው ግን ብሎታል። መሪጌታ ከግቢው ዋርካ ሥር ተነሥተው መጡ።

ወለተሩፋኤል ወደ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ዞረች። "አባ፣ ያን ቀን በየትኛው መቋሚያ ነው የለኩት?"

"በመቋሚያ ነዋ የለካሁት።"

"በየኔታ መቋሚያ ነው?"

ቄሱ ጢማቸውን ያዙ። "በመቋሚያ ነው አልሁሽ፣ ልጄ።"

"አባ፣ ሃያ ሦስት ጥድ ቀርቷል። ይንገሩኝ።"

ሽማግሌ ቄስ በምእመናኑ ፊት እንዲህ ሲጠየቅ ማየት ለተመልካቹም ከባድ ነው፤ አንዳንዱ ዓይኑን ሰበረ። በመጨረሻ ተናገሩ። "የኔታ በመንገድ እየተመረኮዟት መጥተው ኖሮ ጫፏ ላይ ፋንድያ ነበረ። እንዲያ ይዣት እንዴት ልግባ? መጋረጃው ሥር አስደገፍኋትና ውስጥ የነበረውን አነሣሁ። መቋሚያ መቋሚያ ነው ብዬ።"

ገብተው ይዘውት ወጡ። አያ ይበልጣል ሁለቱን መቋሚያዎች ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የመሪጌታው በግማሽ ስንዝር በለጠ።

ግቢው ተነፈሰ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ አንገታቸውን ደፉ፤ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። ሰዉ ይህን ሲሰማ ለእርሳቸው ከማዘን ይልቅ ቀለለው፤ ጥፋት ባለቤት ሲያገኝ እንዲያ ነው። አያ ውዱ ራሳቸው እጃቸውን አነሡ። "እንግዲህ ልጅቱ ምን ታድርግ? የሰጧትን ሳለች። የኔታ፣ ቃልዎ አልወደቀም።"

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ሲፈታ በዓይኗ አየችው። ደስ ተሰኙባት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ማንም ምንም አይልም ነበር። ላፕቶፑ በቀይ እንደጮኸ የሚያውቅ በዚያ ኮረብታ ላይ አንድም ሰው የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሚሉት ምናልባት ዝም ብለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ዝም ማለት ሆዷ ውስጥ ወዲያው ሲነቅዝ ተሰማት። ቄሱ ብቻቸውን አንገታቸውን እንደ ደፉ ቆመዋል። አያ ይበልጣል ደግሞ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ጥድ ጫፍ በእጁ ይዳብሳል።

"ማሽኑ ነግሮኝ ነበር" አለች።

ሁሉም ዞረ።

"ቁጥሮቹ ይጋጫሉ ብሎኝ ነበር፣ በመጋቢት። ከቁጥሮቹ አንዱ ስህተት ነው ብሎኛል። እኔ ግን መጥቼ ከመጠየቅ አንዱን ሰረዝሁት። አያ ይበልጣል፣ የሰረዝሁት ያንተን ነው። ዘጠናውን።"

አያ ይበልጣል ቀና አለ። "ሰረዝሽው?"

"ረስቶታል ብዬ።"

"መቃኑን ሦስት ቀን ነው የጠረብሁት" አለ፤ በቁጣ አይደለም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጥዱ ተመለሰ። ወለተሩፋኤል ቢሰድባት ትመርጥ ነበር።

መሪጌታ ቀረቡ። "ወለተሩፋኤል፣ ባትሰርዢው ኖሮ ይህ ጥድ አይቆረጥም ነበር?"

"አይቆረጥም ነበር፣ የኔታ።"

"ጥፋቱ ያንቺ ነው?"

ልቧ እምቢ በይ አላት። አባቷን የምታጣ መሰላት። "የእኔም ነው" አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ጉባኤውም ዞረው፣ "ሰማችሁ" አሉ። "ቃሌ ቃል ነው። ጳጉሜን ሦስት አልቆምም።" መጀመሪያ የለመኗቸው አያ ውዱ ናቸው፤ ቄሱም ለመኑ፣ ሴቶቹም ለመኑ። ቃል ከሰው ይበልጣል እንዴ፣ እግዜር ይቅር ይላል፣ አንድ ጥድ ነው አሏቸው። መሪጌታ ሁሉን ሰምተው መቋሚያቸውን ከሣሩ ላይ አንሥተው ወደ ዋርካው ተመለሱ። እሷን አላዩዋትም።

አዲሱን ሜትር ከፕላስቲኩ ፈታ ለቄሱ ሰጠች። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ቁጥሩን አነበቡላት። "ይድገሙልኝ፣ አባ" አለች፤ ደገሙ። "አንድ ጊዜ ደግሞ"፤ እንደ ተማሪ ደገሙ። አራት ሜትር ከሃያ ዘጠኝ። ከሃያ ሦስቱ ጥድ አያ ይበልጣል እያንዳንዱን ከመቁረጡ በፊት እሷን አስጠራት፤ እሷም እያንዳንዱን ልክ ከመስጠቷ በፊት እሱን ጠየቀችው። አጥሮ የተቆረጠውን ሃያ አራተኛ በቁራጭ ቀጥሎ አቆመው። ቅጥያው ከታች ላየ ሰው ይታያል።

ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ መሪጌታ ለልጃቸው ከደህና ዋልሽ በላይ አልተናገሩም። አልተቆጡም፤ ምግብ ስታቀርብላቸው ይበላሉ፣ ሱቋ ሲያልፉ ይቆማሉ። ስለ ጣራው ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም። ወለተሩፋኤል ላፕቶፑን መክፈት አስጠላት፤ ቢከፈት እንኳ በርጩማዋንና መደርደሪያዋን አይታ ትዘጋው ነበር። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ እያለች ስንት ጊዜ አሰበች። ባሰበች ቁጥርም ራሷን ጠላች።

ጳጉሜን ሦስት ዝናብ ዘነበ፤ በዚያ ቀን ካልዘነበ ሰው ያዝናል። ወፍ ሲንጫጫ ወለተሩፋኤል ወንበርጌ ደረሰች። ውስጥ ማኅሌቱ ይደረሳል፤ ከበሮው በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ደምቆ ይመታል፤ አንድ ጠብታ ውኃ ወደ ውስጥ አልገባም። በሴቶቹ በኩል ትንሽ ቆመችና ዓይኗ አባቷን ፈለገ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምዕራብ፣ ከምእመናኑ ኋላ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ባዶ እጃቸውን፣ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ጃንጥላ አልያዙም። ሰዉ ሥፍራ ለቆላቸው ብቻቸውን ናቸው።

ሄዳ ጃንጥላዋን ከራሳቸው በላይ ዘረጋች። አልዞሩም። ቀኝ እጃቸው ያልያዙትን መቋሚያ ከዜማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ያነሣል፤ እሳቸው ያወቁት አይመስልም። የወረቡ ተራ ሲመጣ ከውስጥ አንድ ወጣት ድምፅ መራ፤ የእርሳቸው ተማሪ ነው። ወለተሩፋኤል ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች።

"ዝም በይ" አሉ መሪጌታ። "ስሚ።"

ሰማች። ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ከከበሮው ጋር ተቀላቀለ።

"ሃምሳ ዓመት ውስጡ ነበርሁ" አሉ ቆይተው። "ከዚህ ሲሰሙት ሸጋ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

ከዚያ ጃንጥላውን ከእጇ ተቀብለው፣ ለሁለታቸውም እንዲበቃ ወደ እርሷ አዘነበሉት።